በሐምሌ ያልነበርሁባቸው አራት ቀናት

ነሐሴ 8 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ቆቦ ባለው የሜትሮሎጂ ጣቢያ ግቢ ውስጥ ቆሜ፣ የጣቢያው ሠራተኛ ሙሉጌታ የዝናብ መለኪያውን ክዳን ሲያነሣና ውስጡ የተጠራቀመውን ውኃ ወደ መስተዋት መለኪያው ሲገለብጥ እመለከታለሁ። ጎንበስ ብሎ የውኃውን ጫፍ ከዓይኑ ጋር አስተካከለ፤ አነበበ፤ ጻፈ፤ ውኃውን ደፋ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። በዚሁ ሰዓት በየአገሩ ያሉ መምህራን፣ ገበሬዎችና የጤና ሠራተኞች በየግቢያቸው ይህንኑ ያደርጋሉ። ድልድይ የሚሠራው መሐንዲስ፣ ዘር የሚመርጠው የእርሻ ባለሙያ፣ አውሮፕላን የሚያበረው ሰው፣ የእህል ርዳታ የሚመድበው ኮሚቴ ሁሉ የሚቆሙት በዚህች በሁለት ደቂቃ ሥራ ላይ ነው። የመሥሪያ ቤታችን አሠራር ሲጠቃለል አንድ ሰው በየቀኑ በአንድ ሰዓት አንድ ቦታ ተገኝቶ ያየውን ይጽፋል፤ ያላየውንም አላየሁም ይላል። ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም። ይህን ለአዳዲስ ሠልጣኞች ሳስተምር ዐሥራ አምስት ዓመት ሆነኝ።

«እትየ፣ ካርቶኖቹን ላውጣቸው?» አለኝ ሙሉጌታ መዝገቡን እየዘጋ።

የመጣሁት ለዚሁ ነበር። በወረቀት የቆዩት መዝገቦች ሁሉ ወደ ኮምፒውተር እንዲገቡ ተወስኖ፣ ከቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤታችን የተላክሁት ገጾቹን እያየሁ በሁለት እንድከፍላቸው ነው። ንጹሖቹ ይገባሉ፤ «ተኣማኒነት የሌለው» የሚል ቀይ ማኅተም ያረፈባቸው አይገቡም፣ ይወገዳሉ። ዝርዝሩን ፈርሜ በማግስቱ ጠዋት ከሚመጣው መኪና ጋር እመለሳለሁ። ሙሉጌታ ካርቶኖቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ የመጀመሪያውን ገመድ ሲፈታ የወረቀቱ ሽታ ወጣ፤ አቧራ፣ ምስጥ፣ የጋዝ መብራት ጥላሸት የተቀላቀለበት፣ የቆላ ክፍል ሽታ። ሁለተኛው ካርቶን ውስጥ የራሴን እጅ ጽሑፍ አገኘሁ። ሃያ አራት ዓመት አልፎታል። የልጅነት ጽሕፈቴ ከዛሬው ያምራል፤ አኃዞቹ እንደ ታተሙ በመስመር የቆሙ ናቸው፤ አንድም ቀን አልጎደለም። ከሥሩ በእርሳስ የተጻፉ፣ ወዲያና ወዲህ የተንጋደዱ ቁጥሮች ያሉባቸው ገጾች ነበሩ። ከዋጃ በታች በግቢያቸው ዝናብ ይለኩ የነበሩት ገበሬ የሼህ ይማም ገጾች ናቸው። በእያንዳንዱ ላይ ቀይ ማኅተሙ ሰያፍ ተጋድሞበታል። ማኅተሙን የመታው የዚያን ጊዜው ተቆጣጣሪያችን ነበር። የቀለሙን ቆርቆሮ ይዤ አጠገቡ የቆምሁት እኔ ነበርሁ።

ቆቦ ስመደብ ሃያ ዓመቴ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ብዙም ያልቆየበት፣ ሰው ስለ ነገ በጥንቃቄ የሚናገርበት ጊዜ ነው። የአንድ ዓመት ሥልጠና ጨርሼ ከደጋ የመጣሁ ልጅ ስለ ነበርሁ፣ እናቴ የሠራችልኝን ቀይ የሱፍ ሹራብ በዚያ ሙቀት ውስጥ እለብስ ነበር፤ አውልቄው ብሄድ የተራቆትሁ ይመስለኝ ነበር መሰል። የአውቶቡስ መቆሚያው አጠገብ ካሴት የሚሸጥ ሱቅ ነበር። ባለቤቱ ጠዋት ድምፅ ማጉያውን መንገዱ ላይ አውጥቶ እስክስታ ሲያጫውት፣ ከገጠር ማሽላ ጭነው የመጡት የራያ ጎረምሶች ጎፈሬያቸውን እየነቀነቁ ግመሉን እንደ ያዙ ይጨፍሩለት ነበር። ሲያዩኝ «ልጂት! ብርዱ እንዴት ነው?» ይሉኛል፤ አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ። በአንድ ብር እጄ የማይችለው ፓፓያ ይገኝ ነበር። ሴቱ ሁሉ የሚጫማው ባለ ቀዳዳ የፕላስቲክ ጫማ ነበር፤ እኔም አንድ ነጭ ገዝቼ በየማታው በሳሙና አጥበው ነበር። ዛሬ በዚያ ጥግ የሞባይል ካርድ የሚሸጡ ልጃገረዶች ጃንጥላ ዘርግተው ተቀምጠዋል፣ ባጃጆቹም ጡሩምባቸውን ያለ ዕረፍት ይነፋሉ። ያን ጊዜ ከቤቴ እስከ ጣቢያው ስሄድ የምሰማው የእግሬን ድምፅ ነበር። በጣቢያው ከእኔ በቀር ሠራተኛ አልነበረም። እኔ ከቀረሁ የቆቦ ሰማይ ያልታየ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው፤ ይህ ያኮራኝም ያስጨንቀኝም ነበር።

በዚያ ዓመት ሐምሌ፣ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ፈተናና ቃለ መጠይቅ ደሴ እንደሚሰጥ ሰማሁ። ፈቃድ ብጠይቅ ተተኪ ስለሌለ እንደማይሰጠኝ ዐውቅ ነበር። ስለዚህ አልጠየቅሁም። አንድ ማለዳ ንባቤን ጨርሼ፣ የግቢውን በር ቆልፌ፣ ቁልፉን በመቀነቴ ቋጥሬ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። አራት ጠዋት የቆቦን መለኪያ ማንም አልከፈተውም። እስከ አሁን ድረስ የተናዘዝሁት ጥፋት ቢኖር ይህ ብቻ ነበር፤ ለራሴ ማለቴ ነው። መቅረት የሰው ነው፤ ለመቅረትም ቅጹ ቦታ አለው። ያልታየ ቀን ሰረዝ ይሰመርበታል፣ ከጎኑም ምክንያቱ ይጻፋል። የዘነበ ቀን ቁጥር ነው፤ ያልዘነበ ቀን ዜሮ ነው፤ ያልታየ ቀን ሰረዝ ነው። የሥልጠናችን የመጀመሪያ ሳምንት ያለቀው ይህን በማስተማር ነው።

ስመለስ አውቶቡሱ ቆቦ ሳይገባ ቆመ። የሆርማት ወንዝ ጎርፍ መንገዱን ዘግቶት ነበር። ግንድ ሥሩን ወደ ላይ አድርጎ ይንከባለላል፤ ውኃው እንደ ጭቃ ወፍሮ ያጓራል፤ ገበሬዎች ጎርፉን ወደ ማሳቸው ለመጥለፍ የሠሩት የአፈር ክትር ተበጥሶ ሲሄድ በዓይኔ አየሁ። ተሳፋሪው ወርዶ ዳር ቆሞ ያያል። በስድስት ሰዓት ተሻገርን፤ በቀጥታ ጣቢያው ሄጄ መለኪያውን ከፈትሁ። ደረቅ ነበር። ውስጡ አንድ ጢንዚዛ ሞቶ አለ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። እኔ በተወለድሁበት አገር ጎርፍ ከመጣ የመጣው በራስህ ላይ ከዘነበው ዝናብ ነው፤ ወንዝ ሞልቶ ሰማይ የደረቀበትን አገር አላውቅም ነበር። ስለዚህ «ዘንቧል፣ ሙቀቱ አትንኖት ነው» አልሁ። የመለኪያው ቆርቆሮ ውኃው ቶሎ እንዳይተን ተደርጎ መሠራቱን ግን ተምሬ ፈተና ያለፍሁበት ጉዳይ ነበር። እውነቱን ለመናገር የመረጥሁት ባለማወቅ ብቻ አይደለም። ሰረዝ ባሰምር መቅረቴ ይታወቃል። ዜሮ ብጽፍ፣ ጎርፉን ያየ ተቆጣጣሪ «ወንዙ መንገድ ሲዘጋ እንዴት ዜሮ ይሆናል?» ብሎ ይጠይቃል። ዝናብ ብጽፍ ግን ማንም አይጠይቅም። ጠረጴዛው ላይ ተቀምጬ ለሦስቱ ቀን ዝናብ ሰጠኋቸው፤ አንዱን ቀን እውነት እንዲመስል ዜሮ አደረግሁት። ነጥቦቹን ሳይቀር አሳመርሁ። ወሩ ሲያልቅ ቅጹን በፖስታ ላክሁት።

ከላክሁት በኋላ በማግስቱ የቤት አከራዬ እትየ ፋንታየ ልብስ እያሰጣች ስለ ጎርፉ ስታወራኝ፣ «እዚህስ ብዙ ዘነበ?» አልኋት እንደ ዋዛ።

«ኧረ ወዲያ! ጠብም አላለ» አለችኝ። «የላስታ ደጋ ዝናብ ነው እሱ። ሁሌም እንዲሁ ነው፤ ውኃውን ለዞብል በረሃ፣ ለኛ ድምፁን ብቻ።»

ያን ዕለት ሌላ ደብዳቤ መጻፍ እችል ነበር። ፖስታ ቤቱ ከቤቴ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነበር።

ማሽላው በጥቅምት ራስ ሳያወጣ ደረቀ። አንድ ኮሚቴ የትኛው ቀበሌ ርዳታ እንደሚያስፈልገው ሊወስን መጣ፤ እንደ ደንቡ የዝናቡን መዝገብ ጠየቀ። የእኔ ቅጽ ሐምሌ መልካም እንደ ነበረ ይናገራል። የሼህ ይማም ቅጽ ለነዚያው ቀናት ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ይላል። ተቆጣጣሪያችን በላንድሮቨር መጥቶ ሁለቱን ጎን ለጎን ዘረጋቸው። በሼህ ይማም ገጽ ላይ በሐምሌ መጨረሻ ሁለት ሰረዞች ነበሩ፤ አጠገባቸው «ለቀብር ሄጄ አላየሁም» የሚል ተጽፏል። ተቆጣጣሪው ሳቀ። «እዩት እንግዲህ! ሥራውን ጥሎ መሄዱን ራሱ ይጽፋል። ስንዴው እንዲመጣለት ዝናቡን ደብቆታል። ይህችን ልጅ እዩ፤ አንድ ቀን አጉድላ አታውቅም!» ኮሚቴውም አዝመራው የጠፋው ገበሬዎቹ ዘግይተው ስለ ዘሩ ነው ብሎ ጽፎ ሄደ። ለቆላው ቀበሌዎች በዚያ ዓመት ስንዴ አልመጣም።

የሳቸውን መለኪያ ነቅዬ እንዳመጣ የታዘዝሁት እኔ ነበርሁ። ሼህ ይማም በእሾህ ያጠሩት ግቢ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር፤ ዙሪያውን ጠርገውት፣ ፍየል እንዳይደርስበት ድንጋይ ደርድረውበት። የአምሳ ዓመት ሰው፣ ቀጭን፣ ሽርጣቸውን ጠበቅ አድርገው የታጠቁ። ነቅዬ እስክጨርስ ቆመው አዩኝ። አንዲት የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከኋላቸው ቆማለች።

«ልጅየ፣ ብረቱ የመንግሥት ነው፤ ውሰጅው» አሉኝ። «ግን አንቺ ቆቦ ነሽና እንዲያው ንገሪኝ። ዘንቦ ነበር?»

«መዝገቡ እንደሚለው ነው» አልኋቸው።

በዚያ ዓመት ፈተናውን ማለፌ ተነገረኝ። ከመሥሪያ ቤቴ የድጋፍ ደብዳቤ ሲጠየቅ ተቆጣጣሪው «አንድም ቀን ያልጎደለበት መዝገብ ያላት» ብሎ ጻፈልኝ። ዲግሪዬን ያዝሁ፤ ኋላም ሁለተኛውን። ሹመቱም የመጣው በዚያው መንገድ ነው። በሠልጣኞች ፊት ቆሜ «ባዶና ዜሮ አንድ አይደሉም» ስል ድምፄ እንደማይንቀጠቀጥ አስተውያለሁ። ሰው ረጅም ጊዜ ከተለማመደ እንደዚያ ይሆናል።

የእኔንና የሼህ ይማምን እሽጎች ከጠረጴዛው ላይ አንሥቼ ለብቻ አስቀመጥኋቸው። በደንቡ መሠረት የእኔ ሐምሌ በማግስቱ ወደ ኮምፒውተር ሊገባ፣ ከዚያ በኋላ ማንም ሊነካው በማይችልበት ሁኔታ የአገር እውነት ሊሆን ነው፤ የሼህ ይማም ሐምሌ ደግሞ ሊወገድ ነው። ያለ እኔ ይህን የሚያውቅ ሰው የለም።

«ሙሉጌታ፣ ዋጃ የነበሩት ሼህ ይማም በሕይወት አሉ?»

«ዝናቡን የደበቁት? ኧረ አሉ!» አለ እየሳቀ። የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ ቅጽል ስሙን እንደ ማንኛውም ስም ነበር የጠራው። «ልጃቸው ዘሀራ ዋጃ መንገዱ ዳር ሻይ ቤት አላት። ምነው፣ ያውቋቸዋል?»

በአራት ሰዓት ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ድሮ በማሽላ ጆንያ ላይ ተቀምጬ በጭነት መኪና እሄድበት የነበረው መንገድ አሁን ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ግራና ቀኝ በለስ በባልዲ ደርድረው የሚሸጡ ሴቶች አሉ፤ ማሽላው ዘንድሮ ከሰው ትከሻ አልፏል። ዐረፋ ካለፈ ሦስት ቀኑ ስለ ነበር ልጆቹ ገና አዲስ ልብሳቸውን አላወለቁም። ረዳቱ ስለ በጉ ዋጋ ከአንድ ተሳፋሪ ጋር ሲከራከር ዋጃ ደረስን።

ዘሀራ ከሠላሳ አምስት ያለፋት፣ ጥቁር ሻሽ ያሰረች፣ እጇ የማያርፍ ሴት ናት። ወንበር እየጠረገችልኝ የያዝሁትን ፋይል አየች። «ፋይል የያዘ ሰው ሲመጣ ወይ ሊሰጠን ወይ ሊወስድብን ነው። የትኛው ነዎት? ማዳበሪያ? ግብር?»

«ሜትሮሎጂ» አልኋት።

ከት ብላ ሳቀች። «ውይ! አባየ እንዳይሰማዎ! እኛ ቤት ሜትሮሎጂ ከተባለ ላም እንኳ ወተት አትሰጥም።» ሻዩን ቀድታ አስቀመጠችልኝ። «ጾም ነዎት መቼም፣ ወተት የለበትም።» ከዚያ ሻዩን እንደ ያዘች ቀና ብላ አየችኝ። ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። «ቆይ። ቀይ ሹራብ ለብሰሽ ብረቱን የነቀልሽው አንቺ ነሽ?»

አዎን አልኋት። ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ» መውረዷ ተገቢ እንደ ነበር ወዲያው ገባኝ።

«ምን ጠፍቶሽ መጣሽ?»

«ለአባትሽ የምነግራቸው ነገር አለ። እሳቸው ትክክል ነበሩ።»

«እሱንማ እናውቃለን» አለች። ተቀምጣ ጉልበቷን አቀፈች። «ስድስተኛ ክፍል ሁለተኛ ወጥቼ ነበር። በዚያ ዓመት እናቴ ላሚቱን ሸጠች፤ እኔን ጎብዬ አክስቴ ጋ ሰደዱኝ፣ አፍ ይቀነስ ተብሎ። ከዚያ ሪያድ። ዐሥራ አንድ ዓመት የሰው ቤት ጠርጌ መጣሁ። ስመጣም ሰዉ ‹የዝናብ ደባቂው ልጅ መጣች› አለ። ሠርግ ላይ ሳይቀር ይዘፍኑብናል።» ተነሥታ ምድጃውን አጠፋች። «ነይ። ራስሽ ንገሪው።»

ሼህ ይማም በራቸው ላይ በአጎዛ ተቀምጠው ገመድ ይገምዱ ነበር። ዓይናቸው ደክሟል። ማን እንደሆንሁ ዘሀራ በጆሯቸው ነገረቻቸው። እጃቸው ከገመዱ ላይ ቆመ። «አልሐምዱሊላህ፤ ተቀመጭ» አሉኝ። የምናገረውን መንገድ ላይ በሥርዓት አዘጋጅቼው ነበር፤ ሁለት ዐረፍተ ነገር ሳልሄድ አቋረጡኝ።

«ስንት ቀን ነው ያልነበርሽው?»

«አራት።»

«አራቱንም ዘነበ አልሽ?»

«ሦስቱን። አንዱን ዜሮ አደረግሁት፤ እውነት እንዲመስል።»

«አየሽ ዘሀራ፣» አሉ አጭር ሳቅ ስቀው፤ «አንዱን እንኳ ማረችን።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። «ሌላስ ቀን?»

ይህን አላሰብሁበትም ነበር። ለሃያ አራት ዓመት ስለ አራቱ ቀናት ብቻ ሳስብ ኖሬያለሁ። አሁን ግን ወባ ይዞኝ የተኛሁባቸው ጠዋቶች ትዝ አሉኝ፤ የትናንቱን ሙቀት በትንሹ ለውጬ የዛሬ ያደረግሁባቸው። ሁለት ይሁኑ አምስት፣ በየትኛው ወር እንደ ሆነ አላውቅም።

«አላስታውስም» አልሁ።

«አላስታውስም ማለት አለ ማለት ነው» አለች ዘሀራ።

«ነው» አልኋት። ቀጥዬ ለሼህ ይማም የቀረውን ነገርኋቸው፤ ማኅተሙን እንደማስሽር፣ ገጾቻቸው ወደ ኮምፒውተሩ እንደሚገቡ፣ ስማቸውም ከነሙሉ ክብሩ እንደሚመዘገብ።

«ምን ብዬ እንደ ጻፍሁ እኔ አውቃለሁ» አሉ። «ኮምፒውተሩም ቢያውቀው መልካም ነው። ግን ልጅየ፣ በመስጊዱ በር ላይ ‹ያ ሼህ፣ ዝናቡን የት ቀበርከው?› ያለኝ ኮምፒውተር አይደለም። ሰው ነው።» ገመዳቸውን እንደገና አነሡ። «የእኛን ቅሬ ታውቂዋለሽ?»

ዐውቀዋለሁ። ቅሬ የአካባቢው ሰው በሐዘንና በደስታ የሚረዳዳበት ማኅበር ነው።

«በቅሬያችን ከቀብር የቀረ ሰው ዓርብ ከሶላት በኋላ በሰው ፊት ይቆምና ለምን እንደ ቀረ ይናገራል። ምክንያት ያለው ይሰማለታል፤ የሌለው ይቀጣል። እኔ ያን ጊዜ ሁለት ቀን ብረቱን ጥዬ የሄድሁት ይህን ስለ ፈራሁ ነበር። አንቺም ቀርተሻል። መጥተሽ ቁሚ።»

«እርስዎ ባሉበት እቆማለሁ» አልሁ።

«እኔ አልመጣም።»

«ለምን?»

«እኔ ከተቀመጥሁ ለእኔ ብለሽ ታሳምሪዋለሽ። የያኔውን ከሰው አፍ ነው የሰማሁት፤ ይህንንም ከሰው አፍ ልስማው።»

ይቅርታ ጠየቅኋቸው። መጠየቅ የነበረብኝ ከመጀመሪያው ነበር፤ መጨረሻ ላይ መምጣቱ ራሱ አሳፈረኝ። «የእኔን ዐፉ ብያለሁ» አሉኝ። «ላሚቱ ግን የእናቷ ነበረች፤ እሷም ሞታለች። ትምህርቱም የዚህች ነው። የሰው ሐቅ ዐፉ ማለት አልችልም።»

ዘሀራ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኘችኝ። ሚኒባስ አስቁማ በሩን ራሷ ከፈተችልኝ፤ ከዚያ «ነገ መኪናሽ ይመጣል አላልሽም? ትሄጃለሽ» አለች። ቀጠለች፦ «ከመጣሽ ግን እኔም እዚያው ነኝ። አንዲት ቃል ብትዘልዪ ከመሐል ተነሥቼ እናገርብሻለሁ።» በሩን ዘጋችው።

በማግስቱ ጠዋት ለሙሉጌታ ሁሉን ነገር ነገርሁት። አንገቱን አቀርቅሮ ሰማኝ፤ ትናንት እየሳቀ የጠራው ስም ትዝ ብሎት ይመስለኛል። ከዚያ እንደ ደግ ሰው መፍትሔ አመጣልኝ። «እትየ፣ ለምን ራስዎን ያስቀጣሉ? የሳቸውን ገጽ ወደሚገባው ካርቶን ዝም ብለን እናዛውረው። የርስዎን አራት ቀን ደግሞ ምስጥ በላው እንበል። እውነቱ ገባ አይደለም? ማን ይጠይቃል?»

ዋጃ ባልሄድ ኖሮ ይህን ምክር በደስታ እቀበለው ነበር፤ ምናልባትም ትልቅ ጽድቅ የሠራሁ ይመስለኝ ነበር። ምስጡ ምንም እንዳልበላ ነገርሁት። በአራቱ ቀናት ላይ ሰረዝ አሰመርሁ፣ ከጎናቸው «ያለ ፈቃድ ሄጄ አላየሁም» ብዬ ሙሉ ስሜን ጻፍሁ። ቆቦ በሠራሁባቸው ዓመታት ገጾች ሁሉ ፊት ላይ፣ ንባቡን የወሰደችው ሠራተኛ ያላየችውን የጻፈችባቸው ሌሎች ቀናት እንዳሉና የትኞቹ እንደሆኑ መለየት እንደማትችል የሚገልጽ ወረቀት አያያዝሁ። ይህን ማድረጌ እውነተኛ ጠዋቶቼንም አብሮ ያጠፋቸዋል፤ ከዐሥር አንዱን ሐሰት ያደረገ ሰው ዘጠኙን ማስመስከር አይችልም። የሼህ ይማም ገጾች የሚገቡበትን ምክንያት በደብዳቤ ጽፌ ለኃላፊዬ ላክሁ፤ ምን ውሳኔ እንደሚሰጥብኝ አልገመትሁም።

መኪናው በሦስት ሰዓት ተኩል ካርቶኖቹን ጭኖ ሲሄድ ሾፌሩ «አይሳፈሩም?» አለኝ። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ዋጃ ጉዳይ እንዳለኝ ነገርሁት። በቅሬው ፊት የምናገረውን ልጽፍ አንድ ወረቀት አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁ፤ ርእስ፣ ቀን፣ የመጀመሪያ መስመር። ከዚያ መልሼ አጥፌ አስቀመጥሁት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት ያለ ጽሑፍ ልቆም ወሰንሁ።